ይሰማል፣ አይናገርም

ከአገር ውጭ ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን አባባል ሳይሰማ ወይም ራሱ ሳይለው አልቀረም። እንግዳ ቤት ይገባል፤ ልጁን «እንዴት ነህ ጎበዝ፣ ስንተኛ ክፍል ደረስክ?» ይለዋል፤ ልጁ ጥያቄው ገብቶት በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ይኼኔ እናት ወይም አባት ፈጠን ብለው «ይሰማል፣ አይናገርም» ይላሉ። በዋሽንግተንም በስቶክሆልምም በቴል አቪቭም ስንለው የኖርነው ይህንኑ ነው። አባባሉ ማስተባበያም ማጽናኛም ሆኖ ያገለግላል፤ ብዙ ጊዜም «ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ክፍል አስገብተነዋል» የሚል ተስፋ ይከተለዋል። እነዚያን ዓመታት መለስ ብዬ ሳስብ የሚታየኝ አንድ ነገር አለ። የቅዳሜውንና የእሑዱን ክፍል ያቋቋሙት ሰዎች ድካም ከንቱ አልነበረም፤ በክፍሉ ላይ የጫንነው ሸክም ግን የእሱ አልነበረም። ለልጅ ቋንቋ የሚሰጠው ቤት ነው። የሳምንቱ መጨረሻ ክፍል የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ ያንን እንዲሰጥ ግን ብዙ ጊዜ አልፈቀድንለትም።

አመጣጣችንን ማስታወስ ያስፈልጋል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በሱዳን በኩል እየተሻገረ የወጣው፣ አሜሪካም በ1980 የስደተኞችን ሕግ ካወጣች ወዲህ በብዛት ወደዚያ የገባው ትውልድ፣ ሲሄድ ለመኖር ብሎ ሳይሆን ጊዜው እስኪያልፍ ለመቆየት ብሎ ነበር። «ደርግ ሲወድቅ እንገባለን» የሚለው ሐሳብ የቤት ዕቃ ግዢን ሳይቀር ይወስን ነበር፤ የልጅ ቋንቋም በዚያው ስሌት ውስጥ ገባ። አማርኛውን አገር ቤት ሲገባ በአንድ ክረምት ይለምደዋል፤ እስከዚያው ትምህርቱ ላይ ወደ ኋላ እንዳይቀር እንግሊዝኛው ይቅደም ተባለ። የዚያን ጊዜ ብዙ መምህራንም ወላጆችን «ቤታችሁም ውስጥ እንግሊዝኛ ተናገሩ» እያሉ በቅንነት ይመክሩ ነበር። ነገሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ለአያት የሚላክ ካሴት ሲቀዳ ነው። አዋቂዎቹ ተራ በተራ ሰላምታውን፣ ናፍቆቱን፣ የሞተውንና የተወለደውን ይናገራሉ። ልጁ ተጠርቶ ቴፑ ሲቀርብለት እናቱ በጆሮው ሹክ ያለችውን ሁለት ቃል ይደግምና ወደ ጨዋታው ይሮጣል። አያቲቱ ካሴቱን ስትከፍተው የልጅ ልጇን ድምፅ ታገኛለች፤ ወሬውን ግን አታገኝም። 1991 መጣ፤ ደርግ ወደቀ፤ አብዛኛው ሰው ግን አልተመለሰም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ጓደኛ አበጅተው፣ የአገሩ ልጆች ሆነው ነበር። ያንጊዜ ነው በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽና በየማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የአማርኛ ክፍል መከፈት የበዛው።

እነዚያን ክፍሎች ያየ ሰው አይረሳቸውም። ከቅዳሴ ወይም ከአምልኮ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ታጣፊ ወንበሮች ይደረደራሉ፤ ፎቶ ኮፒ የተደረገ የፊደል ገበታ ይታደላል፤ የአምስት ዓመቷና የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ባንድ ላይ ይቀመጣሉ። አስተማሪው ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ወይም ሆስፒታል ሲያድር የከረመ፣ ያለ ክፍያ የእረፍት ቀኑን የሰጠ ሰው ነው፤ ለዚህ ውለታ የሚበቃ ምስጋና የለኝም። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ እህ ሆ እያለ ይጀምራል፤ ልጆቹም ባንድ ድምፅ ይከተላሉ። ሁለት ሰዓቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ መኪናው ይሮጣል፤ ሩጫውም ጨዋታውም በእንግሊዝኛ ነው። ይህ የማስተማር ዘዴ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከቄስ ትምህርት ቤቱ የኔታ ነው። በስንደዶ እየጠቆሙ ፊደሉን፣ አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ ከዚያም ዳዊትን። ግን የኔታ የሚያስተምሩት ንባብ ነበር እንጂ መናገርን አልነበረም፤ የሚነበበውም ግእዝ ነበር። አማርኛን ያስተማረ የኔታ አልነበረም። ልጁ አማርኛውን ከእናቱ ጓዳ፣ ከእረኞች ጨዋታ፣ ከለቅሶና ከሠርግ ቤት ይዞት ነበር የሚመጣው። እኛ ግን የኔታን ያለዚያ ጓዳና ያለዚያ መስክ ወደ ባሕር ማዶ አሻገርናቸው፤ ከዚያም ልጁ ፊደል ቆጥሮ ሳለ ለምን አይናገርም ብለን ተገረምን።

የፊደሉ ጠባይም ይህንኑ ያረጋግጣል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ይበላል» የሚለውን አንድ ልጅ ፊደል ሳይስት ሊያነበው ይችላል፤ ሰውየው እየበላ ይሁን ምግቡ እየተበላ የሚያውቀው ግን ቋንቋውን አስቀድሞ የያዘ ልጅ ብቻ ነው። ገበታው ለሚናገር ሰው የተሠራ ነው፤ ያልተናገረውን አናጋሪ ሊሆን አይችልም። ግሱም እንዲሁ ነው። «አልነገረችኝም» ባለ ልጅ አፍ ውስጥ ማን፣ ለማን፣ ሆነ ወይስ አልሆነ የሚለው ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ይህን ማንም ልጅ በሰሌዳ ላይ ተምሮት አያውቅም። ስሕተቱ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ልብ ብሎ ላየ ሰው ብዙ ይናገራል። ውጭ ያደገ ወንድ ልጅ ሴት አያቱን «ና፣ ብላ» ሲል ይሰማል፤ ዘመድ ይስቃል፤ አንዳንዱም ባለጌ ነው ብሎ ይቆጣል። ልጁ ግን ብልግና አላወቀም። በአማርኛ ሲነገረው የኖረው ትእዛዝ ብቻ ነው፦ ና፣ ብላ፣ ተነሥ፣ ጫማህን አድርግ፣ ዝም በል። አንቺም እርስዎም በዚያ ቤት ውስጥ ለእሱ ጆሮ አልደረሱም። የትምህርት ቤት ውሎ፣ የጓደኛ ጠብ፣ ፊልሙ፣ ሕልሙ፣ ፍርሃቱ፣ ይህ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ሄዷል፤ ለአማርኛ የተረፈው ማዘዣው ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት የሚቆይ ክፍል ይህን ክፍተት አይሞላም።

ሰዓቱን እንቁጠረው። የሳምንት መጨረሻ ክፍል በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ በዓመት አርባ ሳምንት ያህል ቢሠራ ሰማንያ ሰዓት ነው፤ ይኸውም ልጁ ሳይታመም፣ ልደትና የእግር ኳስ ግጥሚያ ሳይደርስበት ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም አማርኛን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከበድ ከሚሉት ቋንቋዎች መድቦ፣ ሥራ ለመሥራት የሚያበቃ ችሎታ ለማግኘት ወደ 1,100 የክፍል ሰዓት ያስፈልጋል ይላል። ያም በየቀኑ ለሚማር፣ ደመወዝ እየተከፈለው ለሚያጠና አዋቂ ነው። በእኛ ሰማንያ ሰዓት ስናሰላው ወደ አሥራ አራት ዓመት ይመጣል፤ በአምስት ዓመቱ የጀመረ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ሊሞላው ሲል እዚያ ይደርሳል ማለት ነው፤ ያውም በሳምንቱ መካከል የረሳው ሳይቀነስ። በአንጻሩ ቤት ውስጥ ከትምህርት ቤት መልስ እስከ መኝታ ያለው ጊዜ በቀን ሁለት ሰዓት ጭውውት እንኳ ቢወጣው በዓመት ከሰባት መቶ ያልፋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ክፍሉን ለማናናቅ አይደለም የምቆጥረው፤ ከአቅሙ በላይ ጠብቀንበት ቆይተን ሳይሆን ሲቀር አስተማሪውንና ልጁን እንዳንወቅስ ነው።

ተመራማሪዎችም ያገኙት ከዚህ የራቀ አይደለም። አኒክ ደ ሃውወር የምትባል የቋንቋ ምሁር በ2007 ባወጣችው ጥናት በቤልጂየም ፍላንደርስ ውስጥ ከደች ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸውን ወደ 1,900 የሚጠጉ ቤተሰቦች መርምራለች። ልጆቹ ሁለቱንም ቋንቋዎች ሰምተው ያደጉ ሆነው ሳለ፣ ከአራት ቤተሰብ በአንዱ ያህል ልጁ የወላጁን ቋንቋ አይናገርም። ትልቁ ልዩነት የታየው ወላጆቹ ቤት ውስጥ የሚናገሩት ላይ ነው። ሁለቱም ወላጆች የራሳቸውን ቋንቋ በሚናገሩበት ቤት ልጁም ይናገራል ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ወላጆች የአገሩን ቋንቋ የሚናገሩና አንደኛው ብቻ የራሱን ጣል የሚያደርግ ከሆነ ግን አብዛኞቹ ልጆች አይናገሩም። ጆሹዋ ፊሽማንም በ1991 ባሳተመው ስለ ቋንቋ ማንሰራራት በሚናገረው መጽሐፉ ያለው ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ቋንቋ ከወላጅ ወደ ልጅ ቤት ውስጥ መተላለፉ ከቆመ፣ ትምህርት ቤቱም ሬዲዮኑም ጋዜጣውም ሊተኩት አይችሉም። ስዊድን ከ1977 ጀምሮ የስደተኛ ልጆች የቤታቸውን ቋንቋ እንዲማሩ ማዘጋጃ ቤቶችን በሕግ አስገድዳለች፤ አማርኛና ትግርኛም በዚህ ገብተው ይሰጣሉ። ለአስተማሪው ደመወዝ አለ፣ ለልጁም ውጤት ይያዝለታል፤ እኛ በአሜሪካ ያላገኘነው ዕድል ነው። ግን እዚያም ቢሆን ትምህርቷ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ናት፤ ቋንቋውን ይዞ የገባ ልጅ ያሳድግባታል፣ ዝም ያለውን ግን ብቻዋን አታናግረውም።

የእስራኤሉ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ልጅ ከቤት ሲቆረጥ የሚሆነውን ያሳየናልና። በ1991 በግንቦት ወር በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ከዚያ በፊት በ1984 መጨረሻ በሱዳን በኩል የገቡትም ብዙዎች ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ከነበሩት ልጆች አብዛኞቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። ዕብራይስጡን በቶሎ ያዙት፤ ለሰንበት ወደ ቤት ሲመጡ ግን ከወላጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት አፍ ከሳምንት ሳምንት ይጠብባቸው ጀመር። ሽማግሌ ተሰብስቦ ነገር የሚዳኝበት፣ የአባት ቃል የሚከበርበት ማኅበረሰብ ልጁ ለአባቱ አስተርጓሚ በሚሆንበት ሁኔታ ላይ ወደቀ። የሚያስቆጨው ደግሞ ቋንቋ በልጅ አፍ እንዴት እንደሚገባ ከዚያች አገር ይበልጥ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ዕብራይስጥን መልሶ የንግግር ቋንቋ ለማድረግ የተነሣው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ በ1881 ኢየሩሳሌም ገብቶ፣ በዓመቱ የተወለደለትን ልጅ በዕብራይስጥ ብቻ ሲያሳድግ ያመነው ይህንኑ ነበር፦ ቋንቋ የሚነሣው ከቤት ነው ብሎ። የቤተ እስራኤላውያኑ በዓል ሲግድ በ2008 የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ሆነ፤ ሬዲዮኑም በአማርኛና በትግርኛ ያሰማል። ክብሩ መጣ፤ ለዚያ ትውልድ ግን ወሬው ከቤት ከወጣ በኋላ ነው የመጣው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። ከሁሉ የቆየው ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደናግራል የሚለው ነው። ብዙ ወላጅ የፈራው ይህን ነበር፤ የሚመክሩትም ባለሙያዎች ነበሩና መፍራቱ አያስነቅፍም። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ኤሊዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት በ1962 በሞንትሪያል የአሥር ዓመት ልጆችን ሲያጠኑ ሁለት ቋንቋ የሚችሉት ከአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ወደ ኋላ ከመቅረት ይልቅ በልጠው ተገኙ። ብልጫው የት ድረስ እንደሆነ ዛሬም ክርክር አለ፤ ያ ክርክር ግን እኛን አይመለከትም፤ የሚመለከተን ጉዳት መኖር አለመኖሩ ነውና። ልጁ ባንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ቢቀላቅል መደናገሩ አይደለም፤ እኛ አዋቂዎቹስ «አፖይንትመንቴን ካንስል አደረግኩት» እያልን አይደል የምንውለው?

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት፣ ሌሊት የሚያድር አባት፣ ልጁን የሚያዩት ተኝቶ ሳለ ነው፤ እነዚህን ሰዎች ቤታችሁ ውስጥ አስተምሩ ማለት በድካም ላይ ድካም፣ በጸጸት ላይ ጸጸት መጨመር አይሆንም ወይ? ይህን የሚል ሰው እውነት አለው። የማይካድም ሌላ ነገር አለ፤ ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት በገባበት ዓመት እንግሊዝኛው ከእሱ ጋር ቤት ይገባል፤ ታናናሾቹ ከታላቃቸው ይወርሱታል፤ ስለዚህ በብዙ ቤት በኩሩ ይናገራል፣ ሁለተኛው ይሰማል፣ ሦስተኛው አይሰማም። ግን እኔ የምለው ተጨማሪ ሰዓት ይገኝ አይደለም። ያለችው ሰዓት፣ የመኪናዋ መንገድ፣ ጸጉር የሚሠራበት፣ ሽንኩርት የሚከተፍበት ሰዓት በየትኛው ቋንቋ እንደሚያልፍ ነው። ለዚህ ደግሞ የሚያግዝ ሰው አለን፤ አያት። ልጇን ልታርስ ከአገር ቤት የምትመጣው እናት በጎብኚ ቪዛ ስድስት ወር ያህል ትቆያለች፤ እንግሊዝኛ ስለማትችል ልጁ አማራጭ የለውም። ለእሷ ውኃ ለመስጠት፣ ቴሌቪዥኑን ለመክፈት፣ ተረት ለማስቀጠል መናገር አለበት። ብዙ ቤት አያቲቱ ስትመጣ የተፈታ አፍ ስትሄድ መልሶ የሚዘጋው ወላጆቹ ወደ ለመዱት ስለሚመለሱ ነው። ያንን የስድስት ወር ልማድ ማስቀጠል ከሁሉም የተሻለ የአማርኛ ትምህርት ነው፤ ሥራ የበዛበት ወላጅም ሊያደርገው ይችላል፤ ልጁ በእንግሊዝኛ ሲመልስ ሳይቆጡ፣ ሳይስቁ፣ በአማርኛ መቀጠል ብቻ ነውና።

ሦስተኛው ጥያቄ የትኛው ቋንቋ ነው የሚለው ነው። ሁሉም ኢትዮጵያዊ ቤት የአማርኛ ቤት አይደለም። አገር ቤት ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲጀምር ሲወሰን፣ ውጭ ያለው ቤተሰብም ኦሮምኛውን፣ ትግርኛውን፣ ጉራጊኛውን የማስቀጠል መብቱ ያው ነው። እስካሁን ያቀረብኩት ሁሉ ለእነዚህም ቋንቋዎች ይሠራል። አንድ እናት በኦሮምኛ እያባበለች ያሳደገችውን ልጅ፣ ለኢትዮጵያዊነት ሲባል ወደ አማርኛ ክፍል ብቻ መላክ የጎረቤትን ቋንቋ ሰጥቶ የእናቱን መንሣት ነው። እናትና አባቱ ሁለት ቋንቋ ካላቸው ሁለቱንም መስማት ይችላል፤ ልጆች ይህን መሸከም እንደሚችሉ ድሬዳዋና ሐረር ያደገ ሰው ያውቃል።

ቋንቋው ባይኖርስ ባህሉ አይበቃም ወይ የሚሉም አሉ። እንጀራው አለ፣ እስክስታው አለ፣ ጾሙ አለ፤ ውጭ የተወለዱ ወጣቶችም በእነዚህ ይኮራሉ። ይህን አላናንቅም። ነገር ግን ተመራማሪዋ ሊሊ ዎንግ ፊልሞር በ1991 በአሜሪካ የስደተኛ ቤተሰቦችን መርምራ እንዳሳየችው፣ ልጅ የወላጁን ቋንቋ ሲያጣ የሚጎዳው የአሳዳጊነት ሥራው ራሱ ነው። ወላጅ ምክሩን፣ ተግሣጹን፣ ያሳለፈውን ሕይወት፣ ሰው የመሆንን ነገር የሚያካፍለው በቃል ነው። ልጁ አሥራ ስድስት ሲሞላው፣ ነገር ሲጠና፣ አባትየው የሚችላትን ያህል እንግሊዝኛ ይዞ ይቀርባል። በአማርኛ አንደበተ ርቱዕ የሆነ፣ በዕድሩ ሰዎች ሲጣሉ የሚያስታርቅ ሰው፣ በገዛ ልጁ ፊት ቃል ያጥረዋል። ልጁም አባቱን በዚያች እንግሊዝኛ መጠን ይለካዋል፤ ሌላውን አባቱን አያውቀውምና። እንጀራና እስክስታ ይህን አይተኩም።

እንግዲህ የቅዳሜው ክፍል ምን ይሥራ? ቤት የማይሰጠውን ይስጥ፤ እኩያ ይስጥ። በአሜሪካ ለሚያድግ ልጅ አማርኛ የእናቱና የአባቱ፣ የስልክና የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ነው፤ እኩዮቹ ሲጫወቱበት አላየም። ልጅ ደግሞ የሚመስለው እኩዮቹን ነው። ሁለቱ ሰዓት ከፊደል ቆጠራ ይልቅ ለጨዋታ፣ ለእንቆቅልሽ፣ ለተረት፣ አብሮ ምግብ ለመሥራትና ትንሽ ቴአትር ለማዘጋጀት ቢውል፣ ያቺ ጥቂት ጊዜ ቤት የጀመረውን ታጠናክረዋለች። ፊደሉ ይቅር አላልኩም። መናገር ለጀመረ ልጅ ፊደሉ ሰባት ቤት ያለው ሥርዓት ስለሆነ ቀለል ይለዋል፤ የሚያነበውን ድምፅ አስቀድሞ ያውቀዋልና። ክፍሉ ክብርንም ይሰጣል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ልጆቹ ይህን ማወቅ አለባቸው። ማስታወቂያውን ከቢሮው አምጥቶ ክፍል ውስጥ አብሮ ማንበብ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከገበታው የተሻለ መልመጃ ነው፤ አምስት ዓመት ከሞላት ልጅ ጋር ባንድ ወንበር ላይ ማስቀመጡም መቅረት አለበት።

ዛሬ ደግሞ ያልነበረ ተማሪ መጥቷል። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ዝም ብለው የሰሙት ልጆች አድገው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እነዚያው አዳራሾች እየመጡ ነው። ልጃቸው ክፍል ሲገባ እነሱ መኪና ውስጥ ወይም ኮሪደር ላይ ስልካቸውን እየነካኩ ይጠብቃሉ፤ አማርኛቸው የአዋቂ ስለማይመስል ያፍራሉ። ቤት ውስጥ የሚናገር ሰው ሆነው ልጃቸውን ማሳደግ የሚገባቸው ግን እነሱ ናቸው፤ ሕፃን ሆነው የሰሙት ሁሉ ውስጣቸው አለ፤ ድምፁን አያጡትም፤ ቋንቋውን ሰምቶት ከማያውቅ የውጭ አገር ሰው ይልቅ ፈጥነው ይናገራሉ። ስለዚህ በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ በጎን ባለው ክፍል ለእነሱም ወንበር ይዘርጋ። የአዋቂ ወሬ ይወራበት፤ ስለ ቤት ብድር፣ ስለ ልጅ ትኩሳት፣ ስለ ሥራ። የሚያርም ሰው ቢኖር ሳይስቅ ያርም። ሁለቱ ክፍሎች ሲወጡ ምሳው የጋራ ይሁን፤ ከክፍሎቹ አንዱ የሠራውን ሌላው ያቅርብ፤ ልጁም እናቱ በአማርኛ ስትጠይቀው የሚመልስላት እዚያ፣ በምሳው ላይ ይጀምር።